ሁለት የዝናብ መለኪያ በአንድ ግቢ፦ የክረምት ምዝገባ ማስታወሻ

ግንቦት 18

የሚመዘገበው ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ዝናብ፣ ሙቀት፣ እርጥበትና የአየር ግፊት ነው። ቦታው አዲስ አበባ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ያለ የመኖሪያ ግቢ። ለዝናቡ ሁለት መለኪያ ጎን ለጎን ይተከላል። አንዱ እዚሁ የሚሠራ፣ በእጅ የሚነበብ ነው። ሌላው ተገልባጭ የሚባለው ነው፤ ውስጡ እንደ ሚዛን ግራና ቀኝ የምትገለበጥ ትንሽ ገንዳ አለች፤ በሞላች ቁጥር ተገልብጣ አንድ ትቆጥራለች። መለኪያ ብቻውን ከሆነ ሲሳሳት የሚያጋልጠው የለም። ሁለት ሲሆኑ ልዩነታቸው ራሱ ይናገራል።

ቦታ መምረጡ ግማሽ ቀን ወሰደ። ደንቡ መለኪያው ከማንኛውም ከፍ ያለ ነገር፣ ከዚያ ነገር ቁመት ቢያንስ 2 እጥፍ ይራቅ የሚል ነው። አጥሩ 2.5 ሜትር ስለሆነ 5 ሜትር መራቅ ግድ ነው፤ በዚህ ልክ ሲሄድ በግቢው የቀረው አንድ የሣር ጥግ ብቻ ነበር። ጣሪያ ላይ መትከል ቀላል ይመስላል፤ ግን ነፋሱ የጣሪያውን ጠርዝ ሲመታ ወደ ላይ ይነሳና ጠብታውን ከመለኪያው አፍ ላይ ይወስደዋል። ሲሚንቶ ወለል ላይም አይሆንም፤ ዶፍ ሲወርድ ውሃው ነጥሮ ይገባል። ሁለቱም መለኪያዎች አፋቸው ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ብሎ፣ በመካከላቸው 1 ሜትር ተኩል ተትቶ፣ በሲሚንቶ በታሰረ የብረት ቱቦ ላይ ቆሙ።

ግንቦት 22

የእጅ መለኪያው ተሠራ። ያስፈለገው 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ፣ በታቹ የተጣበቀ ፕላስቲክ ማጥለያ (ፈነል)፣ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ፣ ሲሊኮንና ሞረድ ነው። ማጥለያው ብቻውን አይበቃም፤ አፉ ጥልቀት ስለሌለው ጠንካራ ጠብታ ግድግዳውን መትቶ ይወጣል። ቀጥ ያለው የቱቦ ግድግዳ ያንን ይመልሳል። የላይኛው ጠርዝ ከውጭ በኩል ብቻ ተሞርዶ ስለት እንዲመስል ተደረገ፤ ጠፍጣፋ ጠርዝ ላይ ያረፈ ጠብታ ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ አይታወቅምና።

አደጋው ያለው እዚህ ነው። ሻጩ «160» የሚለው ቱቦ 160 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ከውጭ ሲለካ ነው። የውስጡ ስፋት በአራት አቅጣጫ ተለክቶ አማካዩ 15.2 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በዚህ ስሌት የአፉ ስፋት 181.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ ስለዚህ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 18.15 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። በ16 ተሰልቶ ቢሆን ክረምቱ በሙሉ 10 በመቶ ያህል አንሶ ይመዘገብ ነበር፤ ያውም አንዲት ቀን እንኳ ስህተት መስላ ሳትታይ።

ውሃው በሲሊንደር አይለካም፣ በወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይመዘናል። 1 ግራም 1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ሚዛኑ 1 ግራም ከለየ፣ መለኪያው 0.06 ሚሜ ገደማ ይለያል። የባዶው ሃይላንድ ክብደት በማይለቅ ቀለም ጎኑ ላይ ተጻፈ። 2 ሊትሩ 110 ሚሜ ድረስ ይይዛል፤ ለአዲስ አበባ የተለመደ የአንድ ቀን ዝናብ ከበቂ በላይ ነው። ሃይላንዱ ፀሐይ እንዳያሞቀው ነጭ በተቀባ ሰፊ ቱቦ ውስጥ ተቀመጠ።

ግንቦት 27

ተገልባጩ የሚቀበልበት አፍ 55 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ግልበጣ 0.2794 ሚሜ ነው ይላል የአምራቹ ወረቀት። ይህን ቁጥር ሳይፈትሹ መቀበል አይገባም።

ፈተናው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ውሃ ልክ ተይዞ መቀመጫው በሁለት አቅጣጫ ተስተካከለ፤ ዘንበል ካለ አንዱ ጎን ቶሎ ይገለበጣል፣ ሌላው ይዘገያል። ከዚያ ገንዳዋን ለማርጠብ ትንሽ ውሃ ፈሰሰና ቆጣሪው ወደ ዜሮ ተመለሰ። ደረቅ ፕላስቲክ የመጀመሪያውን ውሃ ይይዝበታል። ቀጥሎ 110 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በዚህ አፍ 20 ሚሜ ዝናብ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተንጠባጠበ። ለማንጠባጠብ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የግሉኮስ መስጫ ቱቦ ይመቻል፤ የተለመደው ዓይነት 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ በደቂቃ 37 ጠብታ ላይ ማቆም ነው። መቆጠር የነበረበት 72 ግልበጣ ነው፤ የተቆጠረው 70። ያው 110 ሚሊ ሊትር፣ ክዳኑ በሚስማር በተበሳ ሃይላንድ፣ በ12 ደቂቃ ሲወርድ ግን 66 ብቻ ሆነ።

ውሃው አንድ፣ መልሱ ሁለት። ምክንያቱ ገንዳዋ በመገለበጥ ላይ ሳለች ውሃው መውረዱን አለማቆሙ ነው፤ የዚያ ቅጽበት ውሃ ሳይቆጠር አብሮ ይደፋል። በካፊያ ጊዜ ምንም አይደለም፤ በዶፍ ጊዜ ይጠራቀማል። ስለዚህ ለቀስታው 0.286፣ ለፈጣኑ 0.303 ሚሜ ሁለት ማባዣ ተያዘ። ከገንዳዋ ሥር ያለውን ብሎን እያዞሩ 72 ላይ ማድረስ ይቻላል፤ ግን ለአንዱ ፍጥነት ሲያስተካክሉ ለሌላው ይበላሻል። ብሎኑን ተዉት፣ ሂሳቡን አስተካክሉ።

ሰኔ 2

የሙቀት መለኪያው ቤት። ነጭ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ፣ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ። የውጭ መመሪያዎች በሩን ወደ ሰሜን አድርጉ ይላሉ፤ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ለምትውልበት አገር ነው የተጻፉት። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ የምትቆመው ከአናታችን በስተ ሰሜን ነው፤ በሰኔ ደግሞ ከወጣችበት እስከምትጠልቅበት ድረስ በሰሜኑ ግማሽ ሰማይ ትውላለች። መመሪያው እንዳለ ቢወሰድ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር የጠዋት ፀሐይ ሴንሰሩን ትመታዋለች። በሐሩር ክልል ትክክለኛው መፍትሔ ሁለት በር ማበጀት ነውና ሁለት ተበጀ፤ ለጊዜው የሚከፈተው የደቡቡ ነው።

ሴንሰሩን ለመፈተሽ የተፈጨ በረዶ በንጹሕ ውሃ ተሞልቶ፣ በቀጭን ፌስታል የተጠቀለለው ሴንሰር ገባ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ 0.3 አነበበ። 0.3 ይቀነሳል። የሚፈላ ውሃን 100 ዲግሪ ብሎ መፈተሽ እዚህ አገር አይሠራም፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው።

ሰኔ 9

የአየር ግፊት። «ቢኤምኢ280» ተብሎ የተገዛው ሴንሰር እርጥበት አላነብም አለ። ቺፑ መለያውን ሲጠየቅ በሄክሳዴሲማል 58 መለሰ፤ ይህ የቢኤምፒ280 መለያ ነው፣ እሱም ግፊትና ሙቀት እንጂ እርጥበት አያውቅም። ትክክለኛው 60 ይመልሳል። ሁለቱ ከላይ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ከመበየዱ በፊት መለያውን መጠየቅ ያዋጣል። ተለወጠ።

ንባቡ 760 ሄክቶ ፓስካል አካባቢ ነው፤ ለዚህ ከፍታ ትክክል ነው። ብዙ መተግበሪያዎች ግን ቁጥሩን «ወደ ባሕር ጠለል» ቀይረው 1,010 እና 1,020 ያሳያሉ። በዚህ ከፍታ ያ ስሌት በሙቀቱ ላይ እጅግ ይንጠለጠላል፤ የገባው ሙቀት በ10 ዲግሪ ከተለወጠ ውጤቱ በ10 ሄክቶ ፓስካል ገደማ ይለወጣል። ንጋት 10፣ ቀትር 20 ዲግሪ በሚሆንበት ከተማ፣ የሚታየው መዋዠቅ የግፊቱ ሳይሆን የሂሳቡ ይሆናል። ስለዚህ የሚመዘገበው ጥሬው ንባብ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። «ግፊቱ ሲወርድ ዝናብ ይመጣል» የሚለውን ምክር እዚህ መርሳት ይሻላል። በምድር ወገብ አካባቢ ግፊቱ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል፤ ጠዋትና ማታ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ሌሊትና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። ብራም ሆነ ዝናብ ይህ አይቀርም። የአዲስ አበባ ዝናብ ደግሞ ከሰዓት በኋላ መጣል ይወዳል፤ ሁለቱ ስለተገጣጠሙ ብቻ አንዱ የሌላው ምልክት ይመስላል። ሊታይ የሚገባው ተቃራኒው ነው፦ ነጎድጓድ ያዘለ ደመና ሲደርስ ቀዝቃዛ ነፋስ ከፊቱ ይቀድማል፤ ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይወድቃል፣ ግፊቱ በአንዴ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ጠብታው ይከተላል። በየ10 ደቂቃው የሚመዘግብ መሣሪያ ይህን አያየውም። ከዛሬ ጀምሮ ምዝገባው በየደቂቃው ነው።

የነፋስ ፍጥነት አይመዘገብም። መለኪያው 10 ሜትር ከፍታ ይፈልጋል፤ በአጥር ውስጥ የሚነበበው የአጥሩ ነፋስ ነው። ከየት እንደነፈሰ ብቻ ይጻፋል።

ሰኔ 15

የምዝገባ ደንብ፣ ሳይረሳ። የእጁ መለኪያ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይነበባል፤ በዓለም አቀፍ ሰዓት (ዩቲሲ) 6 ሰዓት ነው። ቁጥሩ የሚጻፈው ባለፈው ቀን ሥር ነው፤ ዋናው ነገር እስከ መጨረሻው አለመለወጡ ነው። መሣሪያው የሚያስቀምጠው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። የሀበሻ ሰዓት እንዲያሳይ ብሎ የሰዓት ቀጠናውን ማዛባት ይቻላል፤ ግን የቀን መለወጫው አብሮ ይዛባል። መብራት ሲጠፋ ዋይፋይም ስለሚጠፋ ሁሉም መጀመሪያ ሚሞሪ ካርድ ላይ ይጻፋል፤ ሰዓቱን የሚይዘው ዲኤስ3231 የተባለ የሰዓት ቺፕ ነው፣ ስህተቱ በዓመት 1 ደቂቃ ያህል ነው።

ያልተነበበ ቀን በ0.0 አይሞላም። 0.0 ማለት ታይቷል፣ አልዘነበም ማለት ነው። ያልታየ ሰረዝ ይሰመርበታል። የሁለት ቀን ውሃ አብሮ ከተመዘነ ድምሩ ከነምልክቱ ይጻፋል እንጂ ለሁለት አይካፈልም።

በየመስመሩ ሁለቱም ቀን አለ፣ የእኛውና የአውሮፓው። ሐምሌ ማለት ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ነው። የሐምሌን ድምር ከጁላይ አማካይ ጋር የሚያነጻጽር ሰው ሁለት የተለያዩ ወራት እያነጻጸረ ነው። ዕለታዊው መስመር ካለ ግን በሁለቱም መደመር ይቻላል።

ሰኔ 24

ባለፉት ሳምንታት የሁለቱ መለኪያዎች ድምር እጅግ ተቀራርቦ ነበር። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሐሰት ሆኖ ተገኘ።

ቀኖቹ ለብቻ ሲታዩ ሥርዓት ያለው ልዩነት ታየ። ካፊያ በዋለባቸው ቀናት ተገልባጩ ከእጁ ይበልጣል። ዶፍ በጣለባቸው ቀናት ያንሳል። አንዱ ሌላውን ሸፍኖ ድምሩን አስማምቶታል።

ትርፉ ከየት መጣ? የእያንዳንዱ ግልበጣ ሰዓት ሲፈተሽ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የተቆጠሩ ሁለት ሁለት ግልበጣዎች ተገኙ። በየሰከንዱ አንድ ግልበጣ ማለት በሰዓት ከ1,000 ሚሜ በላይ ነው፤ በካፊያ ቀን። በገንዳዋ ላይ ያለው ማግኔት ማብሪያውን ሲያልፍ የብረት ምላሶቹ ተንቀጥቅጠው ሁለቴ ይነካካሉ፤ መሣሪያው ሁለት ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በማብሪያው ላይ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ከ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር፤ በፕሮግራሙም ከአንድ ግልበጣ በኋላ 300 ሚሊ ሰከንድ መስማት ማቆም። በሰዓት 100 ሚሜ የሚወርድ ዶፍ እንኳ በየ10 ሰከንዱ ነው አንዴ የሚገለብጣት፤ እውነተኛ ግልበጣ አይጠፋም። ገመዱም ሲታይ የማብሪያው መጋጠሚያ ላልቶ ነበር፣ እንደገና ተበየደ።

ጉድለቱስ? መዝጋቢው፣ ኢኤስፒ32 የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር፣ በአንድ ግልበጣ ነቅቶ፣ ዋይፋይ ፈልጎ፣ ልኮ መልሶ ይተኛ ነበር። ይህ እስከ 8 ሰከንድ ይወስዳል፤ ከነቃበት ቅጽበት በቀር በዚያ መካከል የመጣ ግልበጣ አይቆጠርም። በካፊያ ጊዜ በሁለት ግልበጣ መካከል ደቂቃዎች ስላሉ ችግር የለም። ዝናቡ ለጥቂት ደቂቃ በሰዓት 150 ሚሜ ፍጥነት ሲደርስ ግን በየ7 ሰከንዱ ይገለበጣል፤ ከሁለት አንዱ ይጠፋል። አሁን ቆጠራው በኢንተራፕት፣ ማለትም ግልበጣው ሌላውን ሥራ አቋርጦ በሚቆጠርበት መንገድ፣ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ መላኩ በየ10 ደቂቃው ለብቻው ይሄዳል። የሰኔ የተገልባጭ መዝገብ በሙሉ «የማይታመን» የሚል ምልክት ተሰጠው። አልተጠገነም፤ የእጁ አለና።

ሐምሌ 6

እርጥበቱ ሦስት ቀን 100 ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ወጥታ እንኳ። ሴንሰሩ ላይ ውሃ አርፏል። ተነቅሎ ደረቅ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን አድሮ ተመለሰ፤ ከላዩ ያለው ጣሪያም በ3 ሴንቲ ሜትር ተራዘመ፣ ወጨፎ በጎን እየገባ ነበርና።

ከመመለሱ በፊት በጨው ተፈተነ። የገበታ ጨው በጠርሙስ ክዳን ላይ ተደርጎ፣ እንደ ወፍራም ሊጥ እስኪሆን ብቻ በውሃ ይርሳል፤ ጨው መቅለጥ የለበትም። ከሴንሰሩ ጋር በሚገጥም ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ተዘግቶ ያድራል። በክፍል ሙቀት በውስጡ ያለው እርጥበት 75 በመቶ ነው። የእኛ 79 አነበበ፤ 4 ይቀነሳል።

በእርጥብና በደረቅ ቴርሞ ሜትር ለሚለኩ ደግሞ፦ በየመጽሐፉ ያለው ሠንጠረዥ ለባሕር ጠለል ነው። ደረቁ 18፣ እርጥቡ 14 ቢሆን ሠንጠረዡ 64 በመቶ ይላል፤ በአዲስ አበባ ግፊት ሲሰላ ግን 68 ነው። አየሩ ሲሳሳ ቀመሩም ይለወጣል።

ሐምሌ 14

በረዶ። ግቢው ነጭ ሆነ። የተገልባጩ አፍ ወዲያው ተደፈነ፤ ዝናቡ ካባራ ከግማሽ ሰዓት በኋላም መቁጠሩን አላቆመም፣ እየቀለጠ። የዚያ ቀን የፍጥነት መዝገብ ዋጋ የለውም፣ ድምሩም ነጥሮ የወጣውን አያውቅም። የእጁ ግድግዳ 15 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አብዛኛውን ያዘ። በውስጡ የቀረውን ለማቅለጥ 200 ግራም ለብ ያለ ውሃ ተመዝኖ ተጨመረ፤ በመጨረሻ ከጠቅላላው 200 ተቀነሰ። ተገልባጩ ላይ ግን ውሃ አይፈስስም፤ ይቆጥረዋል። የትልቁ ፍሬ ስፋት በማስመሪያ ተለክቶ፣ ከጀመረበትና ካቆመበት ደቂቃ ጋር በአስተያየት ዓምድ ተጻፈ።

ሐምሌ 23

ተገልባጩ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ምንም አልቆጠረም። ሸረሪት ከገንዳዋ እስከ ግድግዳው ድር አድርታ ይዛታለች። ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ክዳኑ ይከፈታል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልም ይለቀማል። አፉ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ማድረግ አያዋጣም፣ ቀዳዳው ውስጥ ውሃ ይያዛል፤ ሰፋ ያለ ሽቦ ይበቃል።

ባትሪውም ደከመ። ትንሿ የፀሐይ ፓነል በሐምሌ ደመና አትሞላውም። ከቤት መስመር ተሳበ፤ ባትሪው መብራት ለሚጠፋበት ሰዓት ብቻ ሆነ።

ነሐሴ 14

ትናንት ቡሄ ነበር። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል፤ መለኪያው ግን ገና ብዙ እንደሚቀረው ያውቃል፣ ኦገስት ለአዲስ አበባ ከዋናዎቹ የዝናብ ወራት አንዱ ነው። አባባሉን ግን መናቅ አይገባም። የሚናገረው ስለ ሰማይ መከፈት ይመስላል፤ ያንን ለመያዝ ደግሞ ሚሊ ሜትር አይበቃም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሰማዩ በ8 ተከፍሎ ስንት እጅ በደመና እንደተሸፈነ ጠዋት 3፣ ቀን 6 እና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ይጻፋል። ከሰኔ መጀመር ነበረበት።

ጥገናው ከተደረገ ወዲህ፣ የበረዶውና የሸረሪቷ ቀናት ሲወጡ፣ የሁለቱ ልዩነት በካፊያም በዶፍም ቀን ወደ አንድ አቅጣጫ አያዘነብልም። የተቀረው አለመስማማት ትንሽ ነው፤ ነፋስ በበዛበት ቀን ይሰፋል።

ነሐሴ 24

ዛሬ ፀሐይ በቀጥታ በአናት ላይ ታልፋለች፤ በአዲስ አበባ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ገደማ። በዚያች ደቂቃ ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶ ጥላ የለውም። ደመናው ለጥቂት ጊዜ ከፈተ፦ የእጁ መለኪያ ምሰሶ ጥላ ከሥሩ አልወጣም፤ የተገልባጩ ግን ወደ ምሥራቅ የጣት ስፋት ያህል ጥላ ጣለ። በዝናቡ የራሰው መሬት አስምጦታል። በውሃ ልክ ተስተካክሎ፣ ሥሩ በጠጠር ተጠቀጠቀ።

ከነገ ጀምሮ የሙቀት መለኪያው የሰሜን በር ይከፈታል፣ የደቡቡ ይዘጋል።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። በየግቢው ለዝናቡ ዕቃ ወጥቷል። የተመዘነው ውሃ ከተጻፈ በኋላ ለሚፈልገው ተሰጠ፤ መለኪያው ከዋዜማው ታጥቦ ስለነበር ንጹሕ ነው።

መስከረም 12

ሌሊቱ ብራ እየሆነ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሃይላንዱ ውስጥ 2 ግራም ተገኘ፣ 0.1 ሚሜ መሆኑ ነው። የደቂቃው መዝገብ ግን አንድም ግልበጣ የለውም፣ የሙቀት መለኪያው ቤት ጣሪያም ረጥቧል። ጤዛ ነው፤ ከቱቦው ግድግዳ ወርዶ የተጠራቀመ። በዝናብ ዓምድ 0.0፣ በአስተያየት ዓምድ «ጤዛ፣ 2 ግራም» ተብሎ ተጻፈ።